ልጃችሁ የክሪኬት ተጫዋች ልሁን ካላችሁ

ልጄ በእንግሊዝ አገር ክሪኬት እየተጫወተ ደመወዝ ይቀበል ነበር። አሁን አይቀበልም፤ ውሉ አልታደሰለትም። ከዚያ ወዲህ በለንደን የሚኖሩ የአገር ልጆች ከቅዳሴ በኋላ ጥግ እየያዙ፣ አንዳንዶቹም በስልክ፣ ይጠይቁኛል። የአንዱ ልጅ በትምህርት ቤቱ ክሪኬት ጀምሯል፤ የሌላዋ ልጅ ለካውንቲ፣ ማለት ለክፍለ አገሩ ቡድን፣ ሙከራ ተጠርታለች፤ ሌላው ደግሞ "ለመሆኑ ይህ ነገር እንጀራ ይሆናል?" ይላል። ለእያንዳንዱ ከመድገም ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። እኔ የአውቶቡስ ሾፌር ነኝ፤ የጨዋታውን ጥበብ ለማስተማር አልደፍርም። ሥራውን ግን፣ ማን እንደሚቀጥር፣ ምን እንደሚከፍል፣ ከሰውነት ምን እንደሚወስድ፣ በየትኛው ወር በሩ እንደሚዘጋ፣ ከቤቴ ውስጥ ሆኜ አይቼዋለሁ።

እንጀራ ይሆናል ወይ ለሚለው መልሴ፣ ለጥቂቶች፣ ያውም ለጥቂት ዓመታት ይሆናል የሚል ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ወንዶችን በባለሙያነት ቀጥረው የሚያጫውቱት ዋናዎቹ የካውንቲ ክለቦች 18 ብቻ ናቸው። ሱሪ፣ ላንክሻየር፣ ዮርክሻየር፣ ኤሴክስ፣ ሶመርሴት እያለ ይሄዳል፤ ከዌልስ ግላሞርጋን አንዱ ነው። እግር ኳስን ብትወስዱ ከላይ ያሉት አራት ሊጎች ብቻ 92 ክለቦች አሏቸው። ስለዚህ የኳስ ተጫዋች ልጅ ከአንዱ ክለብ ሲባረር ዝቅ ብሎ ሌላ ደመወዝ ሊያገኝ ይችላል፤ የክሪኬት ተጫዋች ከ18ቱ ከወጣ በታች ያለው በትርፍ ጊዜ የሚጫወቱት የቅዳሜ ጨዋታ ነው። ይህን ቁጥር ልጄ ገና ትንሽ ሳለ የነገረኝ አንድ የሰፈር ክለብ አሠልጣኝ ነው፤ አሁንም አመሰግነዋለሁ።

ለማያውቀው በአጭሩ ልበል። በየቡድኑ 11 ሰው ነው። አንዱ ኳሱን ከ20 ሜትር ርቀት፣ ክርኑን ሳያጥፍ፣ ክንዱን በራሱ ላይ አዙሮ ይወረውራል፤ ሌላው ከበስተኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች እየተከላከለ ይመታል። ስድስት ውርወራ አንድ ኦቨር ይባላል። ኳሱ ውስጡ ቡሽና ክር፣ ውጪው ቆዳ ነው፤ ክብደቱ 160 ግራም አካባቢ ሲሆን ሲነኩት ድንጋይ ነው። የካውንቲ ሻምፒዮና ጨዋታ አራት ቀን ይፈጃል፤ አገር ከአገር የሚገጥሙበት ቴስት የሚባለው ደግሞ አምስት ቀን። ረፋድ አምስት ሰዓት ተጀምሮ እስከ ማታ አሥራ ሁለት ይዘልቃል፤ መሀል ላይ የ40 ደቂቃ ምሳና የ20 ደቂቃ ሻይ አለ። ዝናብ ከመጣ ሁሉም ገብቶ ይቀመጣል። በዚህ ዝናባማ የእንግሊዝ አየር ውስጥ ይህን የመሰለ ጨዋታ ማን እንደፈጠረው አሁንም ይገርመኛል።

መሰላሉ እንዲህ ነው። ልጁ በሰፈር ክለብ ይጀምራል። ጎልቶ ከታየ ለወረዳው ቡድን፣ ከዚያ ለካውንቲው የዕድሜ ቡድኖች ይታጫል፤ ከአሥር፣ ከአሥራ አንድ ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ ሙከራ አለ፤ በየዓመቱም የሚቀነስ አለ። ከመካከላቸው ጥቂቶች ወደ አካዳሚው ይገባሉ። ከአካዳሚው ደግሞ አንድ ሁለቱ፣ አንዳንድ ዓመት ማንም፣ የጀማሪ ውል ይሰጠዋል። ውል ያለው ልጅ መጀመሪያ የሚጫወተው በሁለተኛው ቡድን ነው፤ ተመልካቹ ወላጆች፣ ቴርሞስ ይዘው የሚመጡ ጡረተኞችና አንድ ሁለት ውሾች ናቸው። ዋናው ቡድን ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ያገለገለ የካውንቲው ኮፍያ በክብር ይሰጠዋል፤ ይህ ከማዕረግ የሚቆጠር ነው።

ገንዘብ ከሌለ መሰላሉ አይወጣም ማለት ይቻላል። በ2023 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የወጣው፣ በክሪኬት ውስጥ ያለውን እኩልነት የመረመረ የነፃ ኮሚሽን ሪፖርት ይህንኑ በግልጽ ጽፎታል፤ በ2021 ለእንግሊዝ ወንዶች ብሔራዊ ቡድን ከተጫወቱት 58 በመቶው የተማሩት ክፍያ በሚጠየቅበት የግል ትምህርት ቤት ነው፤ ከጠቅላላው ሕዝብ ግን እንዲህ የተማረው 7 በመቶ ብቻ ነው። ምክንያቱን ለማየት አንዱን የግል ትምህርት ቤት መጎብኘት ይበቃል። የተከረከመ ሣር፣ የክረምት አዳራሽ፣ ቀድሞ ባለሙያ የነበረ አሠልጣኝ አለ። የልጄ ትምህርት ቤት ግቢ አስፋልት ነበር። ሪፖርቱ የወጣቶች መንገድ ከክፍያ ነፃ እንዲሆን መክሯል፤ እኛ ባለፍንበት ጊዜ ግን የክረምት ልምምድ፣ የቡድን ልብስና የጉዞ ወጪ ከወላጅ ኪስ ነበር። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው የገንዘብ እርዳታ መኖሩን ጠይቁ። አትፈሩ። የእኛ ሰው እርዳታ መጠየቅን እንደ ልመና ስለሚቆጥረው ዝም ይላል፤ በዚህ አገር ደግሞ ዝም ያለ ችግር እንደሌለበት ይቆጠራል።

ሁለት ድርጅቶችን ማወቅ ይጠቅማል። ቻንስ ቱ ሻይን የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ከ2005 ጀምሮ ክሪኬትን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤቶች ይወስዳል። ኤስ የተባለው ፕሮግራም ደግሞ በ2020 በሱሪ ካውንቲ የተጀመረና በኋላ ራሱን የቻለ፣ የአፍሪካና የካሪቢያን ዝርያ ላላቸው ወጣቶች የቆመ ነው፤ ያነሳችው ለእንግሊዝ ሴቶች ቡድን የተጫወተች የመጀመሪያዋ ጥቁር ተጫዋች ኤቦኒ ሬንፎርድ ብሬንት ናት። "አፍሪካ" የሚለው የእኛንም ልጆች ይጨምራል። ብዙ የአገራችን ወላጆች ይህ ለጃማይካ ልጆች ነው ብለው ሲያልፉት አይቻለሁ።

የዜግነትም ጉዳይ አለ። ልጁ በብሔራዊ ቡድን ደረጃ ለእንግሊዝ ለመጫወት የብሪታንያ ወይም የአየርላንድ ዜግነት ያስፈልገዋል፤ ውጭ የተወለደ ከሆነ ደግሞ በአገሪቱ የኖረበት ጊዜ ይቆጠራል። ይህ ጊዜ ቀድሞ እስከ ሰባት ዓመት ይደርስ ነበር፤ በ2018 መጨረሻ ለሁሉም ሦስት ዓመት ተደረገ። ባርቤዶስ ተወልዶ በሱሴክስ የተጫወተው ጆፍራ አርቸር በዚህ ለውጥ ምክንያት በ2019 የዓለም ዋንጫ ደርሶ፣ ሎርድስ በተባለው የለንደን ሜዳ ላይ የመጨረሻውን ወሳኝ ኦቨር ወረወረ፤ እንግሊዝም ዋንጫውን ወሰደች። ለእኛ ቤት ጉዳዩ ከዚህ ያነሰ ነበር። አካዳሚው ለልምምድ ወደ ውጭ ሲጓዝ ሌሎቹ ልጆች ፓስፖርታቸውን ከመሳቢያ አወጡ። በስደተኛ የጉዞ ሰነድ የሚሄድ ልጅ ግን ቪዛ ማመልከት፣ መጠበቅ አለበት። የዜግነት ወረቀታችሁን ልጁ ሳይታጭ ጨርሱ።

ዕቃው ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የመምቻው ባት ከአኻያ እንጨት ይሠራል፤ እንደተገዛ ግን አይመታበትም። ፊቱ በተልባ ዘይት ስስ ተደርጎ ይቀባና ያድራል፤ ከዚያም እንጨቱ እንዲጠቀጠቅ በእንጨት መዶሻ ለሰዓታት ቀስ እየተባለ ይመታል። ልጄ ወርዋሪ ነው፤ ወርዋሪም ቢሆን ተራው ሲደርስ ይመታልና ባት ያስፈልገዋል። ማታ ከሥራ ስመለስ ሳሎን ወለሉ ላይ ጋዜጣ አንጥፎ፣ ባቱን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ጠርዝ ጠርዙን ቷ ቷ ሲያደርግ አገኘዋለሁ። የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን በመጥረጊያ እንጨት ከኮርኒሱ ሥር ይመልስለታል። ቤቱ ተልባ ተልባ ይሸታል፤ እናቱ "ጾም ገባ እንዴ?" እያለች ትስቃለች። ያገለገለ ባት መግዛት ምንም አይደለም፤ ዘይቱንና ቅጥቀጣውን ሌላ ሰው ጨርሶላችኋል። ያገለገለ የራስ መከላከያ ግን አትግዙ። አንድ ጊዜ በኃይል የተመታ ሄልሜት ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ሊሰነጠቅ ይችላል። የአውስትራሊያው ፊሊፕ ሂዩዝ በኅዳር 2014 አንገቱ ላይ በኳስ ተመትቶ በ25 ዓመቱ ከሞተ ወዲህ አንገትን የሚሸፍነው ተጨማሪ ክፍል ብዙ ተሻሽሏል፤ እሱ ያለበትን ግዙ።

አሁን ወደ ሰውነት ልምጣ፤ በዚህ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ።

ልጄ ፈጣን ወርዋሪ ነበር። ፈጣን ወርዋሪ በሩጫ መጥቶ፣ ኳሱን በሚለቅበት ቅጽበት የፊት እግሩን እንደ ካስማ ተክሎ፣ ወገቡን ወደ ጎን አጥፎና ጠምዝዞ ይወረውራል። በዚያች ቅጽበት የሰውነቱ ክብደት ብዙ እጥፍ ሆኖ በፊት እግሩ በኩል ወደ ወገቡ ይወጣል። ይህ በአንድ ቀን መቶ ጊዜ ሊደጋገም ይችላል። የወጣት የጀርባ አጥንት ከሃያ ዓመት በኋላም እየጠነከረ የሚሄድ ነው፤ ስለዚህ ባልጠናው አጥንት ላይ ስንጥቅ ይፈጠራል። በዚህ አገር የክሪኬት ቤተሰብ ሁሉ የሚያውቀው፣ የሚፈራውም ይህንን ነው። ለዚህ ሲባል ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በታች ያሉ ወርዋሪዎች በአንድ ጊዜና በአንድ ቀን ስንት ኦቨር እንደሚወረውሩ በዕድሜያቸው የተወሰነ ሕግ አለ። ሕጉ የሚቆጥረው ግን የአንዱን ቀን ነው። ልጁ ቅዳሜ ለክለቡ፣ እሁድ ለካውንቲው፣ ረቡዕ ለትምህርት ቤቱ ቢጫወት ሦስቱን የሚደምር አሠልጣኝ የለም። የሚደምረው ወላጅ ነው። እኔ በማቀዝቀዣው በር ላይ ወረቀት ለጥፌ እጽፍ ነበር፤ አሠልጣኞች ወረቀቴን መጀመሪያ እንደ ቀልድ አዩት፤ በኋላ ሲጠይቁኝ ኖሩ።

እንዲያም ሆኖ ልጄ ከጉዳት አልተረፈም። የጀማሪ ውል በፈረመ በዓመቱ ጠዋት ጫማውን ለማሰር ማጎንበስ ከበደው። ሕመሙ ከሚወረውርበት ክንድ በተቃራኒ፣ ወገቡ ላይ፣ አንድ ጣት የምታርፍባት ቦታ ነበር። ኤምአርአይ ሲነሳ ስንጥቅ ተገኘ። መድኃኒቱ ዕረፍት ነው። ለወራት አለመወርወር፣ ከዚያ መራመድ፣ ከዚያ መሮጥ፣ ከዚያ ቆሞ መወርወር፤ እንደገና ከዜሮ። በዚህ ጊዜ ውሉ ይቆጥራል። አጥንቱ ድኖ ሲመለስ ከእሱ በታች የነበሩ ልጆች ቦታውን ይዘዋል።

ትልልቆቹም ከዚህ አላመለጡም። ጄምስ አንደርሰን በ2003 ሎርድስ ላይ ዚምባብዌን ገጥሞ በመጀመሪያው ቴስቱ አምስት ዊኬት ሲወስድ፣ ማለት አምስት መቺዎችን ሲያስወጣ፣ ገና 20 ዓመቱ ነበር። ከዚያ አሠልጣኞች አወራወሩን ሊያስተካክሉት ሞከሩ፤ በ2006 ጀርባው ተሰነጠቀ፤ የዚያን ዓመት ወቅት አብዛኛውን ተቀምጦ አሳለፈ። ወደ ቀድሞ አወራወሩ ተመልሶ በሐምሌ 2024፣ 42 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ እዚያው ሎርድስ ላይ 188ኛውንና የመጨረሻውን ቴስት ተጫወተ። 704 ዊኬት። ከፈጣን ወርዋሪዎች እንዲህ ያለ ቁጥር ላይ የደረሰ ሌላ የለም። ከላይ የጠቀስኩት አርቸር ደግሞ በክርኑና በጀርባው ሕመም ከቴስት ጨዋታ ከአራት ዓመት በላይ ርቆ የተመለሰው በሐምሌ 2025 ነው። ሰዎች ስለ አንደርሰን ይነግሯችኋል፤ አስደሳች ታሪክ ነው። እናንተ ግን ስታስሉ እሱን ከስሌቱ አውጡት፤ ሃይሌን አይቶ ልጁን ወደ አሰላ የላከ አባት ምን እንደሚገጥመው የምታውቁ ናችሁ።

ደመወዙ? የጀማሪ ውል ከአውቶቡስ ሾፌር ደመወዝ ያንሳል። ይህን የምለው ሁለቱም የደመወዝ ወረቀቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ ስለነበሩ ነው። ዝቅተኛው ክፍያ ምን ያህል እንደሆነ የተጫዋቾቹ ማኅበር ተደራድሮ ያስወስናል። ዋናው ቡድን ውስጥ የጸና ሰው ደህና ይኖራል፤ የብሔራዊ ቡድኑ ተጫዋቾች ከ2000 ጀምሮ በማዕከል ውል፣ ማለት ከአገሪቱ የክሪኬት ቦርድ ጋር በሚፈረም ውል፣ ይከፈላቸዋል። ከዚያ በላይ ያለው ገንዘብ በአጫጭሮቹ ውድድሮች ነው። በ2003 እዚሁ እንግሊዝ የተጀመረው የሃያ ሃያ ኦቨር ጨዋታ ዓለምን አዳርሶ፣ በታኅሣሥ 2022 የሕንድ ሊግ የተጫዋቾች ጨረታ ላይ የሱሪው ሳም ከረን በ185 ሚሊዮን ሩፒ ሲሸጥ በጊዜው የጨረታው ክብረ ወሰን ሆነ። ልጄና ጓደኞቹ ያን ቀን ስልካቸው ላይ ተጎንብሰው እየጮኹ ነበር። በማግሥቱ አንደኛው የመኪናውን ዓመታዊ ምርመራ የሚከፍልበት አጥቶ እኔን አስቸገረ።

ክረምት ሲመጣ አንዳንዱ ወጣት ወደ አውስትራሊያ ወይም ኒውዚላንድ ይሄዳል። እዚያ በጋ ነው፤ ክለቦች ትኬትና ማደሪያ ይሰጣሉ፤ ቀን ቀን ሣር ማጨድ ወይም ሕፃናት ማሠልጠን፣ ቅዳሜ መጫወት። ልጄም ሄዷል። ገናን ያለ እሱ አከበርን፤ በስልክ ዶሮውን እያሳየነው። በዚህ ሥራ ብቸኝነት ትልቅ ነገር ነው፤ እንደ ቅንጦት አትዩት። የሶመርሴቱ ማርከስ ትሬስኮቲክ 76 ቴስት የተጫወተ፣ በእንግሊዝ መቺዎች ሁሉ ፊት የነበረ ሰው ነው። በ2006 ከጉብኝት መሀል ከጭንቀትና ከድብርት የተነሳ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ በ2008 ከብሔራዊ ቡድን ራሱን አገለለ። ስለ ሕመሙ በግልጽ በመናገሩ ከእሱ በኋላ ለመጡት መንገድ ከፍቷል። ለካውንቲው ግን እስከ 2019 ተጫውቷል፤ ማታ ማታ አልጋው የቅርብ ከሆነ ይችል ነበር ማለት ነው። ልጃችሁ ከሩቅ ደውሎ "ደህና ነኝ" ሲል ድምፁን አድምጡ። የተጫዋቾቹ ማኅበር ምስጢር የሚጠብቅ የምክር ስልክ አለው፤ ቁጥሩን ውል በተፈረመ ቀን ያዙ።

ይህ ማኅበር በ1967 ፍሬድ ረምሲ በተባለ ወርዋሪ የተመሠረተ ነው። ጥቅሙን እኔ ያወቅሁት ዘግይቼ አይደለም፤ የሠራተኛ ማኅበር አባል ስለሆንኩ ልጄንም በመጀመሪያው ሳምንት አስመዘገብኩት። ለተጫዋቾች ከሜዳ ውጪ ስላለው ሕይወት የሚያማክር ሰው ይመድባሉ። ስለ ትምህርት፣ ስለ ግብር፣ ስለ ጡረታ ይጠየቃል። ወኪል ነኝ የሚል ሰው ሲመጣም የተመዘገበ መሆኑን ከእነሱ አጣሩ። እኛ ቤት አንድ ጥሩ ሱፍ የለበሰ ሰው መጥቶ ቡና ጠጣ፣ ብዙ ተናገረ፤ ምዝገባውን ስጠይቀው ሌላ ቀጠሮ ትዝ አለው።

ስለ ውርርድ የሚነግራችሁ የለምና እኔ ልንገራችሁ። ባለሙያ ተጫዋች በየትኛውም ዓለም በሚደረግ የክሪኬት ጨዋታ ላይ ገንዘብ ማስያዝ አይችልም፤ እሱ ያልተጫወተበትም ቢሆን። ፈጣኑ ወርዋሪ ብራይደን ካርስ በ2024 የታገደው ከዓመታት በፊት፣ ራሱ ባልተሰለፈባቸው ጨዋታዎች ላይ በቆረጣቸው ውርርዶች ነው። የውስጥ ወሬ መስጠትም ያስቀጣል፤ ይህ ደግሞ ቤተሰብን ይነካል። ቡና ቤት ተቀምጬ አንድ የማከብረው ሰው "ጋሼ፣ ነገ ልጅዎ ይሰለፋል?" አለኝ። ጥያቄው ለሰላምታ ይመስላል። እጁ ላይ ግን የውርርድ ቤቱ አጭር እርሳስ ነበር። "እግዜር ያውቃል" ብዬ ወሬ ቀየርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄን ራሱን አሰላለፍ አልጠይቀውም። መድኃኒትም እንዲሁ ነው። ከአገር ቤት የመጣ ምኑም ያልታወቀ ዱቄት፣ ማበርቻ፣ ቅጠል አታቅምሱት። ጫት በብሪታንያ ከ2014 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ውስጡ ያለው ካቲን ደግሞ በውድድር ጊዜ ከተከለከሉት ንጥረ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ አለ። ምርመራው ሰበብ አይሰማም።

ጾሙን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። የሁዳዴ ጾም ከቅድመ ውድድር ልምምድና ከመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ጋር ይጋጫል፤ ፍልሰታ ደግሞ ነሐሴ ላይ፣ ወቅቱ በጋለበት ይውላል። የቡድኑ የምግብ ባለሙያ ጾም ምንድን ነው ብላ ጠየቀች፤ ሥጋም ወተትም እንቁላልም የለም አልናት። ቀላል ነው አለችን፤ ብዙ ወጣት እንግሊዛዊ ራሱ እንደዚያ ይበላል። የሰዓቱን ነገር የንስሐ አባቱ በልምምድና በጨዋታ ቀን አቀለሉለት። ሙስሊም ተጫዋቾች በረመዳን እየጾሙ ስለሚጫወቱ ቡድኖቹ ለሃይማኖት ጥያቄ እንግዳ አይደሉም። ሳትጠይቁ አይከለክሏችሁም፤ ሳትጠይቁም አያዘጋጁላችሁም።

ትምህርቱን በምንም አታስቀሩ። ይህን ስል እንደ ሐበሻ አባት ብቻ አይደለም። ካፒቴን የነበሩት ናስር ሁሴንና አንድሩ ስትራውስ ሁለቱም ደርሃም ዩኒቨርሲቲ ተምረዋል። የሱሪው ዛፋር አንሳሪ በካምብሪጅ በከፍተኛ ማዕረግ ተመርቆ፣ በ2016 ለእንግሊዝ ሦስት ቴስት ተጫውቶ፣ በሚቀጥለው ዓመት በ25 ዓመቱ በቃኝ ብሎ ወደ ሕግ ዞረ። የኖቲንግሃምሻየሩ ጄምስ ቴይለር ደግሞ አልመረጠም፤ በሚያዝያ 2016 ከባድ የልብ ሕመም ተገኝቶበት በ26 ዓመቱ ጨዋታ አቆመ። ልጄ በጉዳቱ ወራት በርቀት ኮርስ ጀመረ። ጀርባውን ያከሙትን ሰዎች ቀን ከቀን ሲያይ ስለነበር ያን ሙያ መረጠ።

የካውንቲ ወቅት መስከረም ላይ ያልቃል። ማን ይቆያል፣ ማን ይሄዳል የሚለው ከነሐሴ ጀምሮ ይንሾካሾካል፤ ውሳኔው የሚነገረው በእኛ እንቁጣጣሽ ሰሞን ነው። በበጋው መሀል ለልጄ "በዕቅዳችን ውስጥ ነህ" ተብሎ ነበር። በመስከረም ጠሩትና በትንሽ ክፍል ውስጥ፣ ሻይ እንኳ ሳይቀርብለት፣ ወገቡ እንደማያስተማምን፣ በጀቱም እንደጠበበ ነገሩት። ክለቡን አልጠራም፤ ሁሉም እንዲህ እንደሚያደርጉ ከሌሎች ወላጆች ሰምቻለሁ። ያናደደኝ መቀነሱ አልነበረም። በሐምሌ እውነቱን ቢነግሩት ኖሮ ነሐሴ ላይ ለሌሎች ካውንቲዎች በሙከራ መጫወት ይችል ነበር። ስለዚህ የመጨረሻ ዓመት ውል ላይ ያለ ልጅ ካላችሁ በሰኔ በጽሑፍ ጠይቁ። በቃል የተነገረ ተስፋ አይመዘገብም።

ለሴት ልጆች ነገሩ በፍጥነት እየተለወጠ ነው። ብሔራዊ ቡድኑ ሴቶችን በሙሉ ጊዜ መቅጠር የጀመረው በ2014 ነው፤ የአገር ውስጥ ተጫዋቾች ውል በ2020 ተከተለ፤ በ2025 ደግሞ ስምንት ካውንቲዎች የራሳቸውን የባለሙያ ሴቶች ቡድን ይዘው ጀመሩ። ለካውንቲ ሙከራ የተጠራችውን ልጅ እናት ከማበረታታት ወደኋላ የምልበት ምክንያት አልታየኝም። ቦታው ገና አልተያዘም።

ልጄ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ለአንድ የሊግ ክለብ ይጫወታል። ትንሽ ይከፍሉታል፤ ሕፃናትም ያሠለጥናል፤ ትምህርቱን እየጨረሰ ነው። ወገቡ ሲበርድ ያመዋል። እናቱ ለክለቡ የሻይ ሰዓት የምስር ሳምቡሳ ትልካለች። የመጀመሪያ ቀን በቁርጥራጭ ዳቦ መሀል ተቀምጦ ማንም አልነካውም ነበር፤ አሁን የተጋጣሚው ቡድን ሰዎች ገና ከመኪና ሲወርዱ "መጥቷል?" ይላሉ።

ልትጀምሩ የምታስቡ፣ የክለቦች የልጆች ልምምድ ብዙውን ጊዜ ዓርብ ማታ፣ ከሚያዝያ ጀምሮ ነው። ባት፣ የእግር መከላከያ፣ ጓንት ክለቡ ያውሳችኋል፤ ለመጀመሪያው ዓመት ምንም አትግዙ። ለወንድ ልጅ የብልት መከላከያውን ብቻ ግዙ፤ ያንን ማንም አያውስም።